ሰኞ ሰኞ የሚጠራ ውሃ

ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ፣ ቀድሞ መጋዘን በነበረ ክፍል ተቀምጬ ከገጠር በጠርሙስ የሚመጣ ውሃ እቀበላለሁ፤ አንዳንዴም ራሴ ሄጄ እቀዳለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው የሚለኝን ሰው "ውሃ" ስለው ይስቃል። ውሃ ደግሞ ምን ሥራ አለው ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት አብሬ ስስቅ ኖሬያለሁ። አሁን የምጽፈው ግን ስለማያስቀኝ ነገር ነው፤ በገዛ እጄ ፈርሜ አንዲት እውነተኛ ሴት በጉባኤ ፊት ውሸታም ስላሰኘሁበት ወረቀት።

ያደግኩት አንገር ጉቲን ነው። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ቤት ውስጥ የወሎ አማርኛ፣ ደጅ ላይ ኦሮምኛ እየተናገርን አደግን። እናቴ ከወንዝ ውሃ ከመቅዳቷ በፊት ጎንበስ ብላ በእፍኟ ታነሣና ታሸተው ነበር። ደስ ካላላት ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ የቱንም ያህል ቢርቅ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በስንት መሣሪያ የተማርኩትን እሷ በአፍንጫዋ ስትሠራው ኖራለች ማለት ነው። መማሬን አልጸጸትም፤ የምጸጸተው ማሽተት መተዌን ነው።

ከቢላ ወጣ ብሎ አንድ ቀበሌ አለ፤ ስሙን አልጠራም። መሐሉን አንድ ጅረት ያልፍበታል። ከላይ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ፣ የአንድ ባለሀብት የቡና ማጠቢያ አለ። እሸት ቡናው በማሽን ይፈለፈላል፣ በገንዳ ይዘፈዘፋል፣ ይታጠባል። ገለባውና የሚያዳልጠው ልጋግ ከነእጣቢው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል ይባላል። ከታች ያሉት ሰዎች ግን በማጠቢያው ወራት ጅረቱ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብት አፉን አስጠግቶ ይመለሳል ብለው አመለከቱ። ከሁሉ ቀድመው ያመለከቱት በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ሃርሜ እላቸዋለሁ፤ እኛ አገር እናት የሚያህል ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው።

መሥሪያ ቤቱ እኔን ላከ። በአንድ የማጠቢያ ወቅት አራት ጊዜ ሄድኩ። የውሃውን ኦክስጅን ለካሁ፣ ቀለሙን አየሁ፣ በጠርሙስ ቀዳሁ። አራቱንም ጊዜ ውሃው ኩልል ያለ ነበር። መረብም ይዤ ነበር። የጅረትን ጤና በደንብ ማወቅ የፈለገ ሰው ቦቲውን አድርጎ ይገባና መረቡን ከታች ይተክላል፤ ድንጋዩን በእግሩ እያመሰ ከሥሩ የሚነሡትን ትናንሽ ፍጥረታት ይይዛል፤ ነጭ ሳፋ ላይ ገልብጦ እነማን እንዳሉ ያያል። ይህን ጠንቅቄ ተምሬያለሁ። ግን ውሃው ብርድ ነበር፣ ሹፌራችን ይቸኩላል፣ የመሣሪያው ቁጥርም ጥሩ ነበር። ሰነፍኩ። መረቡ መኪናው ውስጥ እንደተጠቀለለ ሄዶ እንደተጠቀለለ ተመለሰ። ሪፖርቱ ላይ ግን "ውሃው ንጹህ ነው፤ በውስጡ ለሚኖሩ ፍጥረታትም ተስማሚ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ከፍጥረታቱ አንዱን እንኳ ሳላይ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ብሎ ዝም ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሃርሜ ቢሮዬ መጡ።

"አካም ጂርቱ" ብለው ገቡና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ወረቀት ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የሪፖርቴ ኮፒ ነው። ያወራነው በኦሮምኛ ነበር።

"ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?"

"ኤዬ፣ ሃርሜ። እኔ ነኝ።"

ለጠብ የመጡ መስሎኝ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና እንደ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አሁን የመጣሁት ከዓይን ሐኪም ነው፣ ልጄ። ዓይንሽ ለዕድሜሽ ደህና ነው አለኝ። እኔ ግን ያንን ውሃ ጥቁር ሆኖ ነው የማየው። ወረቀትሽ ንጹህ ነው ይላል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ውሃ እንዴት ነው የሚታየው? አሳዪኝ።"

እሳቸው ቀስ ብለው ቀጠሉ። የማጠቢያው ባለቤት የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመን ነው። እኔ የፈረምኩት ወረቀት እንደደረሰ የቸርቹ ሽማግሌዎች ጠሯቸው። ወንድምን በሐሰት መክሰስ ኃጢአት ነው፤ ይቅርታ እስክትጠይቂ ድረስ የሴቶቹን ጸሎት መምራት ይቅርብሽ አሏቸው። ስንት ዓመት የመሩት ጸሎት ነው። ወረቀቴ በጉባኤው ፊት ተነበበ። እሳቸውም ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁ።

"እውነት ነው ብለው እያመኑ ለምን ይቅርታ ጠየቁ?" አልኳቸው።

"ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል እንዴ? የጠረጠርኩት ዓይኔን ነው።"

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላፈርኩም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። የሚሰድብ ሰው ቢያንስ ራሱን ያምናል፤ እኔ እሳቸውን ያንኑ ነው የነጠቅኳቸው። ዝም ላለማለት ያህል ብቻ፣ "በየትኛው ቀን ነው የሚጠቁረው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሁልጊዜ ነዋ።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ደህና ነው። እሁድ ያርፋሉ አይደል? ቅዳሜ ከሰዓት ገንዳውን በንጹህ ውሃ አጥበው ይዘጋሉ። እሁድ ጌታ ነው። ሰኞ እንደገና ቡና እስኪቀበሉ ጅረቱም አርፎ ይውላል።"

ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች የሚሉ ያህል ነው የነገሩኝ። መዝገቤን ከመሳቢያ አወጣሁና ገለጥኩ። አራቱ ጉዞዎች ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ። ሁሉም ጠዋት። መኪናዋ የምትገኘው ሰኞ ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ለስብሰባና ለሌላ ሥራ ትወሰዳለች። ሹፌራችን፣ ኃላፊያችን፣ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሁሉ እሁድን ቸርች ውለው ሰኞ ሸሚዛቸውን ተኩሰው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ትናንት እሁድ ነበር፣ ማሽኑ ቆሞ ነበር አላሉም። በእነሱ ግን አልፈርድም። እኔ የሚካኤል ነው አይታረስም፣ የማርያም ነው አይፈጭም እየተባለ ቀን ሲቆጠርበት ባደገ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። ሰው ሲያርፍ እጣቢውም አብሮ እንደሚያርፍ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እዚያ ጅረት ላይ ግን አንድ ቀን አድሮ የጠራው ውሸቱ ነበር።

"ሃርሜ፣ ሐሙስ እመጣለሁ" አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ቋጠሩት።

ኃላፊያችን መኪና የለም አለኝ። ደብዳቤስ? ደብዳቤም የለም፤ ያለቀ ጉዳይ ነው። ሐሙስ ማለዳ ፈቃድ ወስጄ መረቡን፣ ሳፋውንና ቦቲዬን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ የመረቡን እጀታ አይቶ ዓሣ ልታጠምጂ ነው እንዴ ቢለኝ፣ አዎ፣ ትልቅ ዓሣ አልኩት። መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሃርሜ ጅረቱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። መጀመሪያ ከማጠቢያው በላይ ወጣን፤ ውሃው ገና ማንም ሳይነካው ከጫካው ወደሚወርድበት። ገባሁና ድንጋዩን አመስኩ፤ መረቡን ሳፋው ላይ ገለበጥኩ። ሳፋው ተንቀሳቀሰ። ሦስት ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ እጮች፣ ከአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርተው የሚሸከሙ፣ የውሃ ተርብ ልጆች፣ ጥፍር የምታክል ሸርጣን። ሃርሜ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አዩ። ልጅ ሆነው ድንጋይ ሲገለብጡ እነዚህን እያሳደዱ ይጫወቱ እንደነበር ነገሩኝ። የአንዳንዶቹን ስም በኦሮምኛ ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው መጽሐፍ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ታች ወረድን። ከማጠቢያው በታች ሽታው ከሩቅ ተቀበለን፤ የተበላሸ ጠላ ዓይነት ሽታ ነው። ውሃው ቡናማ ጥቁር ነው፤ ድንጋዩ ላይ ግራጫ ነገር እንደ እርጥብ ጥጥ ተለጥፏል። መሣሪያዬን ነከርኩት። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። እሱን ትቼ መረቡን ተከልኩ። ሳፋው ላይ የወጣው ሁለት ዓይነት ፍጥረት ብቻ ነው፤ እንደ ክር የሚጠማዘዝ ቀይ ትል፣ እና ጭራውን እንደ ቱቦ ወደ ላይ ዘርግቶ ከአየር የሚተነፍስ ነጭ ትል።

"የቀሩት እነዚህ ናቸው?" አሉ ሃርሜ።

"አየር ባጣ ውሃ ውስጥ መኖር የሚችሉት እነሱ ናቸው።"

"ሌሎቹ የት ሄዱ?"

"ሞቱ፣ ሃርሜ።"

ሳፋውን አንዴ፣ ጅረቱን አንዴ አዩ። "እንግዲያ ዓይኔ ደህና ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ደህና ነው። ያላየሁት እኔ ነኝ።"

ያን ቀን እየተናደድኩ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ መሣሪያ የሚያየው ውሃ ውስጥ የገባባትን ሰዓት ብቻ ነው። ከላይ በሳፋው ላይ ያየናቸው እጮች ግን ሰኞ መጥተው ሰኞ የሚመለሱ ባለሙያዎች አይደሉም። ኑሯቸው እዚያው ነው። ማክሰኞ የመጣውንም፣ ዓርብ የመጣውንም ይጠጡታል። ሃርሜም እንደዚያው ናቸው። የጅረቱን ነገር መጠየቅ የነበረብኝ እዚያ የሚኖሩትን ነበር፤ የሰውም የትልም ወገን።

ከውሃው ሳልወጣ የማጠቢያው ባለቤት መጣ። ዘበኛው ነግሮት ይሆናል። ንጹህ ሰውዬ ነው፣ ትሁት፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው ሰላም ያለን። ጉድጓዶቹ በቡናው ሙላት ጊዜ እንደሚሞሉ አልካደም፤ ትንሽ ይፈስሳል አለ፤ ለስንቱ ሰው እንጀራ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ደረቱን ነፋ አድርጎ፦

"እህቴ፣ እኛ እኮ እግዚአብሔርን የምንፈራ ሰዎች ነን። ቡናው ቢበላሽ እንኳ እሁድ አናሠራም።"

"የቀሩትን ስድስት ቀኖችም ቢፈሩት ምን አለበት፣ ኦቦ?" አልኩት።

ሃርሜ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መሳቃቸው ይሁን መደንገጣቸው አላወቅኩም። ሰውዬው ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት አዲስ ሪፖርት ይዤ ኃላፊያችን ፊት ቆምኩ። "የቀድሞው ሪፖርት ስህተት ነው። ናሙናው የተወሰደው ማጠቢያው ሥራ ባልጀመረባቸው ሰዓቶች ብቻ ነው። በውሃው ውስጥ ስላሉ ፍጥረታት የተጻፈው ሳይታይ የተጻፈ ነው። የስህተቱ ባለቤት እኔ ነኝ" ይላል። አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

"ተልኮ ያለቀ ሪፖርት አይታረምም።"

"ስህተት ከሆነ ለምን አይታረምም?"

"የመሥሪያ ቤቱ ስምስ?"

"የሳቸውስ ስም?"

ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር እንዳይነሣ የሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ እግርህ መሬት እንደለቀቀ የምታውቀው መሐል ከገባህ በኋላ ነው። ሻይ አስመጣልኝና "እንዲህ እናድርግ" አለ። "'በአንዳንድ ቀናት መጠነኛ ለውጥ ይታያል' ብለሽ አንድ መስመር ጨምሪ፤ ሁላችንም እንገላገል።"

"ሳፋ ሙሉ ቀይ ትል መጠነኛ ለውጥ አይባልም" አልኩት። "አንዷን መስመር አልጨምርም። የጻፍኩትን ወይ ያትሙበት ወይ ይመልሱልኝ።"

አላተመበትም። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ከመስክ ሥራ ታግጄ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ እንድሠራ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተሙ ደምቆ ይታያል። ለዚህኛው ማኅተም አልጠፋም።

ሪፖርቴ ማኅተም ከሌለው እዚያ ጉባኤ ውስጥ ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን ተውኩትና ራሴ ሄድኩ። እሁድ ጠዋት የሃርሜ ቸርች በር ላይ ቆሜ ሽማግሌዎቹን ለመናገር ፈቃድ ጠየቅኳቸው። ማተቤን አልደበቅኩም፤ እነሱም አይተው ምንም አላሉኝም። ከመዝሙሩ በኋላ ጠሩኝ። የማጠቢያው ባለቤት ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበር፤ ሃርሜ ከሴቶቹ መጨረሻ።

እዚህ ፊት የተነበበውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ሰኞ ጠዋት እንደቀዳሁ፣ ሐሙስ ስመጣ ምን እንዳየሁ፣ ከላይ ያሉት ፍጥረታት ከታች እንደሌሉ ተናገርኩ። "እኚህ እናት እውነቱን ነው የተናገሩት። እዚህ ቆሞ ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ሰው እኔ ነበርኩ። ዲፈማ፣ ሃርሜ" አልኩና ዝቅ ብዬ እጅ ነሣኋቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ድምፀ ለስላሳ አዛውንት፣ ተነሡና እጃቸውን ዘረጉ። "ተባረኪ፣ ልጄ። ስህተትን ማመን ትልቅ ነገር ነው። ጌታ ይቅር ብሎሻል፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ እህታችንም ይቅር ብላሻለች። አሁን እንጸልይና—"

"ላኪ!" አሉ ሃርሜ ከኋላ። አይሆንም ማለታቸው ነው። ሁሉም ዞረ።

"እኔ ይቅር አላልኩም።"

አዛውንቱ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ሃርሜ ቀስ ብለው ተነሡ፤ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዘው።

"እኔን በአንድ ቀን ከጸሎቱ አስነሥታችሁ በአንድ ቀን ይቅርታ አስጠየቃችሁኝ። ያኔ ቸኮላችሁ። አሁንም ቶሎ ልታስታርቁን ነው። ታርቀን ጸልየን ምሳችንን ልንበላ፤ ነገ ያ ውሃ ይጠቁራል። እኔ አልቸኩልም። ጅረቱ ሐሙስ ቀን ሲጠራ፣ እነዚያ የሞቱት ሲመለሱ፣ ያን ጊዜ ይህች ልጅ ትምጣ፤ ያን ጊዜ ይቅር እላታለሁ።" ወደ ሁለተኛው ወንበር ዞሩ። "አንተም ያን ጊዜ ና። እናንተም፣ ሽማግሌዎቼ።"

አንድ ሰው አሜን ሊል ጀምሮ ተወው። ሃርሜ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ከፍቶሽ ይሆን የሚሉኝ አሉ። ምንም አልከፋኝም። ከዚያ ቸርች ስወጣ በስንት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ነው የሄድኩት። የዚያ ዓይነት ሴት ይቅርታ በቀላሉ ቢገኝ ኖሮ ምን ያደርግልኝ ነበር?

አሁንም ከመስክ እንደታገድኩ ነኝ። የዓመት ፈቃዴን እንደ ዳቦ እየቆረስኩ አንዳንድ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ በፈቃዴ ቀን መረብ ይዤ የትም ብገኝ የማንም ጉዳይ አይደለም። ባለቤቱ ሁለት አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሯል፤ ሦስተኛው ተጀምሯል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አንድ ሐሙስ መጥተው ጅረቱን አሸተቱና ተመለሱ። በሚቀጥለው እሁድ ሃርሜ የሴቶቹን ጸሎት መምራት ጀመሩ። ማንም ግቢበት አላላቸውም፤ ማንም ደግሞ ተዪው ሊላቸው አልደፈረም። በሄድኩ ቁጥር ሳፋውን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ምሳ ያበሉኛል፣ ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል፣ ለምን አታገቢም ብለው ይጨቀጭቁኛል። ይቅርታ ግን የለም።

ባለፈው ሐሙስ ከማጠቢያው በታች መረቡን ገለበጥኩ። ቀይ ትሉ መሐል አንዲት እጭ ሦስቱን ጭራዋን እያወዛወዘች ስትሄድ አየሁ። ጮህኩ። ሃርሜ ሳፋውን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

"አሁንስ፣ ሃርሜ?" አልኳቸው።

"አንዲት ናት" አሉና ሳፋውን ቀስ ብለው ወደ ጅረቱ መልሰው ደፉት። "ውረጂ፣ ሌላ ድንጋይ እመሺ።"